ከፊልሙ የተረፉ ሦስት ፎቶዎች

መቱ ውስጥ በዚያን ጊዜ እንግዳ ሲመጣ መጀመሪያ ወንበር፣ ቀጥሎ አልበም ነበር የሚሰጠው። ጓዳ ውስጥ ሽር ጉድ ሲባል እንግዳው ግድግዳ ብቻ እያየ እንዳይቀመጥ፣ አልበሙን ጭኑ ላይ አድርጎ ያገላብጣል። ይሄ ማነው ብሎ ይጠይቃል፤ አጎታችን ነው፣ ጎሬ ያለው ይባላል። እናቴ አዴ ዲንቄ ይህን ነገር ከጸሎት እኩል ነበር የምታየው። እንግዳ አልበም ካልተሰጠው እዚህ ቤት የሚደበቅ ነገር አለ ብሎ ይሄዳል ትል ነበር። ይህን አባባሏን ያዙልኝ፣ ኋላ እመለስበታለሁ።

የየቤቱ አልበም ግን አንድ ዓይነት ነው። ሰው ሁሉ ኮት ተውሶ ፎቶ ቤት ይሄድና፣ ሐይቅና አውሮፕላን የተሳለበት መጋረጃ ፊት ቆሞ፣ አንድ እጁን የፕላስቲክ አበባ ላይ ጣል አድርጎ፣ ዳኛ ፊት እንደቀረበ ሰው ድርቅ ይላል። የእኛም እንደዚያው ነበር። አባቴ ኦላና ከመሞቱ በፊት የተነሳው አንድ ፎቶ ነበረን፤ እሱም አባቴን አይመስልም። አባቴ ሳቂታ ሰው ነበር።

ኑረዲንን ያወቅሁት በ1977 ዓ.ም. ለቀበሌ መታወቂያ ጉርድ ፎቶ ልነሳ ሄጄ ነው። ሃያ አንድ ዓመቴ ነበር፤ አንድ መሥሪያ ቤት ታይፕ መምታት ከጀመርኩ ሦስት ወሬ። ፎቶ ቤቱ ከአባቱ ከጋሼ ሙሐዲን ጨርቅ መሸጫ ጎን የተለጠፈች ጠባብ ክፍል ናት። አገጭሽን ቀና፣ ዓይንሽን ወደዚህ፣ አሁን እንዳትተነፍሺ አለኝ።

«ከሞትኩ በኋላ መታወቂያው ምን ያደርግልኛል?» አልኩት።

አልሳቀም። ካሜራው ኋላ ጎንበስ አለ፤ ግን ትከሻው ሲንቀጠቀጥ አየሁት።

በሦስተኛው ቀን ፖስታውን ስከፍት ከጉርዶቹ ጋር አንድ ተለቅ ያለ ፎቶ አገኘሁ። ግድግዳው ላይ ባለችው መስታወት ፊት ቆሜ ሻሼን ሳስተካክል ነው። የጸጉር ሽቦ በጥርሴ ይዣለሁ፣ ሁለቱም ክንዶቼ ተነስተዋል፣ የጠበበኝን አንዱን ጫማ አውልቄ በአንድ እግሬ ቆሜያለሁ። ደሜ ፈላ። ማን ፈቀደልህ ብዬ አፋጠጥኩት።

እሱም ረጋ ብሎ አስረዳኝ። ፊልም በዚያን ጊዜ እንደ ስኳር በኮታ ነበር፤ ለሰልፉና ለስብሰባው፣ ለመታወቂያውም ተብሎ ከቀበሌ ይሰጠዋል። አንዱ ጥቅል ሠላሳ ስድስት ያነሳል ይባላል እንጂ፣ ካሜራው ውስጥ አጎራረሱን ለሚያውቅ ሰው ሁለት ሦስት ይተርፈዋል። የተረፈውን ለራሱ ያነሳበታል። እስካሁን ደመናም፣ የሰው ውሻም ነበር የሚያነሳው።

«እና ከውሻው ቀጥሎ እኔ?» አልኩት።

«ከውሻው በኋላ ሌላ አላነሳሁም» አለኝ።

ቅደደው ብዬ ጮህኩበት። ከዚያ ፎቶውን ራሴ ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ ወጣሁ። ቤት ገብቼ መኝታዬ ላይ ተቀምጬ ሳየው ሳየው ዋልኩ። በጉርዱ ላይ ያለችውን አላውቃትም። ይቺን ግን አውቃታለሁ፤ ጫማ የሚጠባት ልጅ ናት። ሰው እንዲህ አድርጎ አይቶኝ አያውቅም፣ እኔም ራሴን።

ሰበብ አላጣሁም። እናቴን አንሳልኝ ብዬ ጠራሁት። እሁድ እሁድ የቀበሌ ስብሰባ ሲበተን፣ ከጥቅሉ የተረፈችውን ሁለት ሦስት ይዞ እኛ ቤት ብቅ ማለት ጀመረ። እናቴ በቆሎ ስትፈለፍል እጇን ብቻ አነሳ። ዝናብ ሲያባራ ጭቃ የላሰ እግሬን አነሳ። ከስብሰባ መጥቼ አግዳሚው ላይ አፌን ከፍቼ እንቅልፍ የወሰደኝንም አልማረኝም። እናቴ ነጠላዬን እንኳ ሳልደርብ እያለች ታጉረመርማለች፤ እሱ ከእኔ በተሻለ ኦሮምኛ ያባብላታል። ሲታጠብ ሲታጠን የኖረ የሚመስል ጨዋ ልጅ ነው ትለኝ ነበር በኋላ፣ እስላም መሆኑ ብቻ።

ጋሼ ሙሐዲንም ነገሩን ሰምተዋል። አንድ ቀን ለቀሚስ ጨርቅ ሲለኩልኝ፣ ቀና ሳይሉ፣ «ልጄ፣ አንቺ ጨዋ ነሽ። ግን የጴንጤ ልጅ ነሽ» አሉኝ። ከዚያ ሩብ ሜትር ጨመሩልኝ። ያቺን ሩብ ሜትር ምን ላድርጋት፣ እየተናደድኩ ሰፋኋት።

ኑረዲን እወድሻለሁ ብሎኝ አያውቅም። ከያንዳንዱ ጥቅል የተረፉትን አጥቦ፣ አድርቆ፣ ቀይ ልባስ ባለው አልበም ውስጥ በአራት በአራት የወረቀት ማዕዘን እያስያዘ አመጣልኝ። አልበሙ ላይ አንድም የቆመ ሰው የለም። ሁሉም የሆነ ነገር እየሠራ ነው፣ ወይ ደክሞታል፣ ወይ ስቋል። ሳገላብጠው እያንዳንዱ ላይ የሱ ዓይን የት እንደነበር ይታየኛል። ልቤ ጥፍት ብሎ የሄደው እዚያ ላይ ነው፣ ምን እደብቃለሁ።

ችግራችን ግን ሌላ ነበር። ታናሽ ወንድሜ ነመራ አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። በዚያው ዓመት ግንቦት ላይ ስሙ ለብሔራዊ ውትድርና ወጣ። እኛም አዲስ አበባ ሥራ ፍለጋ ሄዷል አልን። ነመራ የትም አልሄደም፤ ጓዳችን ውስጥ፣ ከቡናው ጆንያ ኋላ ነበር የሚኖረው። የሚያውቀው እናቴና እኔ ብቻ ነን። ጳጉሜን ላይ ለኑረዲን ነገርኩት። ሌላው ሰው ቀለበት ያስራል፤ እኔ የወንድሜን ነፍስ እጁ ላይ አስቀመጥኩለት። ሰማኝና ከዚያ በኋላ ሲመጣ ከአባቱ ሱቅ ለነመራ አንድ ነገር ሳይይዝ አይመጣም ነበር።

ጥቅምት ሲጠባ ዝናቡ ቆመ። አንድ እሁድ ጓሮ፣ የኋላው በር አጠገብ፣ ሳፋ ላይ ጎንበስ ብዬ ጸጉሬን እታጠባለሁ። ነመራ ፀሐይ ናፍቆት በሩ ድረስ ወጥቶ በጆግ ያፈስልኛል። ሳሙናው ዓይኔ ገብቶ ስጮህ፣ ሆን ብሎ ቀዝቃዛውን ማጅራቴ ላይ ለቀቀብኝ። እኔ ጮህኩ፣ እሱ በሳቅ ፈነዳ። ኑረዲን የቀረችውን አንድ አነሳ።

ያቺን ፎቶ ሲያመጣ በፖስታ አላደረጋትም፤ ኮቱ ውስጥ ደረቱ ላይ ይዞ ነው የመጣው።

«ልታዪያት ይገባል ብዬ ነው እንጂ ልቀድዳት ነው» አለኝ። «ፊልሟን አቃጥያለሁ።»

ነጠቅኩት። ነመራ ጆጉን ከፍ አድርጎ፣ ራሱን ወደ ኋላ ጥሎ ይስቃል፤ ቁርጥ አባቴን። የአባቴን ሳቅ የያዘ ፎቶ በዓለም ላይ ያቺ ብቻ ነበረች። አልሰጥም አልኩ። አልበሙ መጨረሻ ገጽ ላይ ትግባ፣ ሳጥኔ ውስጥ ተቆልፎ ነው የሚቀመጠው፣ ማን ያያታል አልኩ። ለመነኝ፣ ተቆጣኝ። እኔ መቼ ተሸንፌ አውቃለሁ! ማዕዘኖቿን ሲለጥፍ እጁ ደስ አላለውም።

በኅዳር አንድ ረቡዕ ከሥራ ስመለስ ቤታችን በአብዮት ጠባቂ ተከቧል። ዙሪያውን አላሰሱም፣ ሳሎኑንም አላዩም። ቀጥ ብለው ጓዳ ገብተው ጆንያውን ገፍተው ነመራን አወጡት። ጫማ እንኳ አላደረገም። እናቴ ምሰሶውን አቅፋ ቆማለች፤ አላለቀሰችም። ጎረቤት እንደነገረኝ የቀበሌያችን የሴቶች ማህበር ሊቀመንበር ሀረገወይን ማክሰኞ ጠዋት ፎቶ ቤት ገብታ ነበር፤ ኑረዲንም ከዚያ ሰዓት ጀምሮ ቀበሌ ነው።

በማግስቱ ፎቶ ቤቱ ተከፍቶ አገኘሁት። ዓይኑ ቀልቷል፣ ልብሱ ያደረበት ነው።

«ሀረገወይን እዚህ መጥታ ነበር?»

«መጥታ ነበር።»

«ስለዚያች ፎቶ ጠየቀችህ?»

«ጠየቀችኝ። ከሁለት ዓመት በፊት ያነሳኋት ናት አልኳት።» ወደ በሩ አየና ቀጠለ። «ፎቶዋ ውስጥ በሩ ላይ የሚታየው የቤት ቁጥር የተቀባው ዘንድሮ መስከረም ነው፣ የቀለሙን ቆርቆሮ የያዝኩት እኔ ነኝ አለችኝ። ለናንተ እንዳልነግር ቀበሌ አሳደሩኝ።»

«ፎቶዋን የት አየቻት?»

የካሜራውን መስታወት በጨርቅ መጥረግ ጀመረ።

«አንድ ትርፍ አትመህ እዚህ ሰቅለሃል አይደል? የኔዋ ሳጥኔ ውስጥ ናት፣ ተቆልፎባታል። ካንተ በቀር ማን ያውቃታል? ተናገር!»

ወለሉን አየ። ከንፈሩን ከፈተና መልሶ ገጠመው። አይ ሞኝነቴ፤ ዝምታውን ጥፋተኛነት ብዬ ተረጎምኩት። አልጠበቅኩትም፣ አልደገምኩለትም።

«ሁለተኛ ዓይንህን እንዳላይ» ብዬው ወጣሁ። ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ መመለሻ አልነበረውም።

መቱ ትልቅ ከተማ አይደለችም። ዋናው መንገድ አንድ ነው። በአንድ መንገድ ላይ ሰው ሸሽቶ መኖር እንዴት ያለ ሥራ እንደሆነ እኔን ጠይቁኝ። ከሩቅ ሳየው ጉልት ገበያ ውስጥ ገብቼ የማልፈልገውን ሽንኩርት እገዛለሁ። መታወቂያዬን ላሳድስ ለአንዲት ጉርድ ፎቶ በአውቶቡስ ጎሬ ድረስ ሄጄ አውቃለሁ። ጋሼ ሙሐዲን ሁለት ጊዜ ከአገራቸው ሙሽራ አጭተውለት ሁለቱንም እንቢ አለ ሲሉ ሰማሁ። ህሊናው ሰላም ነስቶት ነው አልኩ። ደስ ያለኝ መስሎኝ ነበር፤ ዕለቱን እህል በጉሮሮዬ አልወርድ አለ።

ከነመራ ከሰሜን ግንባር ሁለት ደብዳቤ መጣ። ከዚያ ሦስት ዓመት ሙሉ ምንም። እናቴ ድምጿ እየሟሸሸ ሄደ። እንግዳ ሲመጣ ውሃ ትሰጣለች፣ እህል ታቀርባለች፣ አልበም ግን አትሰጥም። ሐዘን ነው ብዬ ተውኳት። አንዳንዴ ብቻ ሳይታሰብ ያ የሙሐዲን ልጅ ደህና ነው ትለኛለች። እኔ ምን አውቄ ብዬ ፊቴን አዞርባታለሁ።

በ1983 ዓ.ም. ሐምሌ፣ ጦሩ ከተበተነ በኋላ፣ አንድ ጢሙ ያደገ ሰው በበደሌ መንገድ በእግሩ ገብቶ በራችን ላይ ቆመ። እኔ ለማኝ መስሎኝ እንጀራ ላመጣ ዞርኩ። እናቴ ነች ያወቀችው፤ ዓይኗ ደክሞ እንኳ በአቋቋሙ ለየችው። እንዴት እንዳለቀስን አልነግራችሁም። ለቅሶው በረድ ሲል ነመራን አልጋ ላይ አስቀምጣ እሷ ወለሉ ላይ እግሩ ሥር ተቀመጠች። ተነሺ ብንላት እንቢ አለች።

«ነመራ፣ አሳልፌ የሰጠሁህ እኔ ነኝ» አለችው።

ቀባዠረች ብለን ነበር። አልቀባዠረችም። ነመራ ሊያዝ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ሰኞ ዕለት፣ ሀረገወይን ሳትጠራ መጣች፤ እንግዳ ደራሽ፣ ውሃ ፈሳሽ። የድሮውን አልበም የክረምቱ እርጥበት ሻጋታ አብልቶታል። አልበም ካልሰጠኋት የምደብቀው እንዳለ ታውቃለች ብላ ፈራች። ስለዚህ የሳጥኔን መለዋወጫ ቁልፍ ከምታስቀምጥበት አውጥታ፣ ቀዩን አልበም ሰጠቻትና ቡና ልታፈላ ጓዳ ገባች። መጨረሻው ገጽ ላይ በዚያ በደከመ ዓይኗ የምታውቀው ጸጉሬን ስታጠብ እኔን፣ ዲሪቤን ብቻ ነበር። ሀረገወይን ጠርታ ውሃ የሚያፈሰው ልጅ ማነው ስትላት ቀርባ አየች። ያን ጊዜ ነው ነመራን ያየችው። የእህቴ ልጅ ነው፣ ከዳሪሙ የመጣ አለቻት። ሴትዮዋ ፈገግ ብላ ቡናዋን ጠጥታ፣ ጥሩ አልበም ነው ብላ ሄደች።

«ኑረዲን ከቀበሌ እንደወጣ መጀመሪያ የመጣው ወደኔ ነው» አለች እናቴ። አሁን የምታየው እኔን ነው። «እግሩ ላይ ወደቅኩ። አነሳኝና ምን አለኝ መሰለሽ? አዴ ዲንቄ፣ ለዲሪቤ አይንገሯት። እዚህ ቤት የቀራችሁት ሁለታችሁ ብቻ ናችሁ። እኔን ብትጠላኝ እችለዋለሁ፤ እርስዎን ከጠላች ግን ሁለታችሁም ሰው የላችሁም አለኝ። ነመራ ከተመለሰ እናገራለሁ ብዬ ተሳልኩ። ካልተመለሰ ይዤው ልሞት።»

ነመራ ጎንበስ ብሎ አነሳትና አጠገቡ አስቀመጣት። ከዚያ ወደኔ ዞረ።

«ያቺ ፎቶ አለች?» አለኝ።

አወጣሁለት። ወደ በሩ ብርሃን ይዟት ወጥቶ ቆየ። «አባባን እመስል ነበር ለካ» አለ።

እኔ ግን የማየው ማዕዘኖቿን ነበር። እጁ ደስ ሳይለው የለጠፋቸው አራት ማዕዘኖች። ልቅደዳት ያለኝ እሱ፣ አልሰጥም ያልኩት እኔ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይላሉ፤ እኔ አፍስሼ ለመልቀም አምስት ዓመት ከስምንት ወር ፈጀብኝ።

በማግስቱ በዝናብ ሄድኩ። መንግሥት ተለውጦ ሰው ሁሉ አዲስ መታወቂያ ይፈልጋል፤ ፎቶ ቤቱ በር ላይ ሰልፍ ነው። ሰልፉን አልፌ ለመግባት ፊት አጣሁ። ከሰዉ ኋላ ተሰልፌ፣ ውሃው በአንገቴ እየወረደ፣ ተራዬን ጠበቅኩ። ተራዬ ሲደርስ ገብቼ በርጩማው ላይ ተቀመጥኩ።

እሱ ጎንበስ ብሎ በካሜራው አየ። ጎንበስ እንዳለ ቀረ። ቀስ ብሎ ቀና ሲል ጆሮው አካባቢ ሽበት ጣል ጣል ማድረጉን አየሁ።

«እማዬ ነገረችኝ» አልኩት።

«ነመራ ገባ?» ነው ያለኝ። ከሁሉ በፊት እሱን ነው የጠየቀኝ።

«ገባ።»

እጁን ካሜራው ላይ ጣለ። ይቅርታ ልጠይቅ አፌን ከፈትኩ፤ በእጁ ቆይ አለኝ። ጨለማ ክፍሉ ገብቶ አንድ የብስኩት ቆርቆሮ ይዞ ወጣና ጭኔ ላይ አስቀመጠልኝ። ከፈትኩት። ቁርጥራጭ ፊልም ሞልቶበታል፣ ሁሉም ሦስት ሦስት ፎቶ ያህል የሚረዝም። አንዱን አንስቼ ወደ መስኮቱ ያዝኩት። ምንም የለበትም። ንጹህ ነው። በውስጡ የሚታየኝ ዝናቡና ተራ የሚጠብቀው ሰው ነው።

«ምንድን ነው?» አልኩት።

«ከየጥቅሉ የሚተርፈው ነው። ያንቺ ድርሻ ነበር» አለኝ። «ሌላ ነገር ላነሳበት ሞከርኩ፤ እጄ እንቢ አለኝ። ባዶውን እያጠብኩ አስቀመጥኩት።»

እዚያው በርጩማው ላይ ተንሰቀሰቅሁ። በር ላይ ከተሰለፉት አንዱ፣ እኛስ መቼ ነው የምንነሳው ሲል ሰማሁት። ኑረዲን መጋረጃውን ሳበበት።

የቀረው በአንድ ቀን አላለቀም። ጋሼ ሙሐዲን ለጋብቻችን እሺ እስኪሉ ዓመት ፈጀ፤ የእኛም ዘመዶች ከሳቸው አላነሱም። በመጨረሻ አንድ እሁድ ሁለት ሽማግሌ አስከትለው መጡ። ሃይማኖትን የሚነካ ሦስት ግዴታ ይዘው እንደመጡ አስቀድሜ ሰምቼ ነበርና፣ ከጓዳው መጋረጃ ኋላ ቆሜ አዳምጣለሁ። አስቀመጥናቸው። ያን ጊዜ እናቴ ብድግ ብላ ወደ ሳጥኑ ሄደች። ከዚያ ሰኞ ወዲህ ነክታው አታውቅም። ቀዩን አልበም አምጥታ ጋሼ ሙሐዲን ጭን ላይ አስቀመጠችው።

አንድ በአንድ ገለጡ። የእናቴን እጅ አዩ፣ ጭቃ የላሰ እግሬን አዩ፣ አፌን ከፍቼ መተኛቴን አይተው ጢማቸው ውስጥ ፈገግ አሉ። የነመራን ሳቅ አዩ። ከሷ ቀጥሎ፣ ወረቀት ጨምሬ፣ የቆርቆሮውን ፊልም እኔ ራሴ ገጽ በገጽ ለጥፌው ነበር። አንዱን ገለጡ፣ ሁለተኛውንም።

«አዴ ዲንቄ፣ ይሄኛውስ? ባዶ ነው እኮ» አሉ።

«እሱ የልጅዎ ነው፣ ጋሼ» አለች እናቴ። «ጥፋቱ የኔ ሆኖ፣ እሱ ስሙ ጠፍቶ የኖረበት ዘመን ነው።»

ከዚያም ሁሉንም ነገረቻቸው፣ ቁጭ ብላ፣ ሳታለቅስ። ጋሼ ሙሐዲን ልጃቸው ለአባቱም ቃል እንዳልተነፈሰ ያን ቀን ነው ያወቁት። ከገጹ አንዱን ፊልም ላጥ አድርገው ወደ በሩ ብርሃን አነሱት፤ ጨርቅ ሲመርጡ እንደሚያደርጉት ረጋ ብለው ዳር እስከ ዳር አዩት። ይዘዋቸው ከመጡት ከሦስቱ ግዴታ አንዱንም አላነሱም። ፊልሙን አጠገባቸው ለተቀመጡት ሽማግሌ አሳልፈው ሰጡ።